ያልወረድንበት ገደል

አለቃዬ ዶክተር ሞገስ ብሩሹን በምላሱ አርጥቦ ዛጎሉን ከትሪው አነሣ። ጥሬ ሥጋ በልቶ፣ አፉን እንኳ ሳይጉመጠመጥ ነበር የመጣው፤ የነካው ግን እኔ ሰባት ወር ዓይኔን ያጠፋሁበትን ነገር ነው። ፊቴን አዞርሁ።

ዛጎሉ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ኦስትራኮድ የሚባል፣ በሁለት ክዳን መካከል ተሸሽጎ የሚኖር ፍጥረት ቅሪት ነው፤ ጁራሲክ በሚሉት ዘመን፣ ሀገሩ ባሕር ሳለ ኖሮ ድንጋይ ሆነ። የደብረ ታቦር ምድር ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እኔ ያገኘሁት ለቤተ ክርስቲያን አጥር በጭነት መኪና ከመጣ የኖራ ድንጋይ ክምር ነው። ሰባብሬ፣ በወንፊት አጥቤ፣ ክዳናቸው ሦስት ጉብታ ያለው ዐሥራ አንድ ዛጎሎች ለየሁ። እንዲህ ያለ ዝርያ ማንም አልመዘገበም። ከቅኔ ቤት ወጥቼ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ የሆንሁ ሰው፣ በስድሳ ዓመቴ ስሜ ከአዲስ ዝርያ ገለጻ ጋር ሊጻፍ ነበር።

«ያንብቡት እንጂ፣ መሪጌታ!» ብሎ ሞገስ ለመጽሔት የሚላከውን የጽሑፋችንን ረቂቅ ገፋልኝ።

«ናሙናውን ዓባይ ሸለቆ ወርደን፣ ከታች አርባ ሜትር ላይ ካለው የድንጋይ ንብርብር ሰበሰብን» ይላል።

«መቼ ወረድን?»

«አንቱ ደግሞ!»

«ድንጋዩን ያመጣው ሾፌር፣ ባዩ፣ ከሦስት ቦታ አደባልቄ ጫንሁ ብሏል። የትኛው ከየት እንደ ሆነ እርሱም አያውቅም።»

«ከአጥር ድንጋይ አገኘን ብንል ማን ያትምልናል? ዛጎሉ እውነተኛ ነው፤ ቦታው ምን ያደርግልዎታል?»

«ነገ ሌላው ያን ንብርብር ፍለጋ ገደል ይወርዳል።»

«ይውረድ፣ ለጤናው ጥሩ ነው!» ብሎ ሳቀ። በጥርሱ መካከል የሥጋ ክር አየሁ። «ካልፈረሙ ስምዎን አውጥቼ እልከዋለሁ። ዛጎሎቹ የትምህርት ክፍሉ ንብረት ናቸው።»

እውነቱን ነው፤ ንብረቱ የእኔ አይደለም። የናሙናውን መግለጫ የምጽፍ ግን እኔ ነኝ፤ ዛጎሉም ወደ ሙዝየም የሚሄደው ከመግለጫው ጋር ነው። በማይለቅ ቀለም ዛጎሉ በሚያርፍበት ትንሽ መስታወት ላይ ጻፍሁ፦ «ከአጥር ድንጋይ ክምር የተገኘ፤ የተነሣበት ንብርብር አይታወቅም።» ዐሥራ አንዱንም እንዲሁ።

«ምን አደረጉ! ገደሉት እኮ!»

«ከሞተ ቆይቷል» አልሁት።

ከረቂቁ ላይ የገዛ ስሜን ደለዝሁ። ትሪውን በፊቱ አኖርሁለትና እጄን ልታጠብ ወጣሁ።