የተላጉት በሮች

ነርሷ መደገፊያውን ለቀቀችው። ሌላ ምንም አላደረገችም። ሆስፒታሉ ዳሌዋ ለተሰበረባት ለኢሞጂን ያዘዘላትን ባለ አራት ጎማ መደገፊያ ከኩሽናው አጠገብ አቁማ እጇን አነሣች። መደገፊያው ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ፍጥነት እየጨመረ በጠባቡ ኮሪደር ቁልቁል ሄደና የመኝታ ቤቱን በር ጓ! አደረገው።

“ሚስተር ዶይል፣ ቤትዎ እኮ ቁልቁለት ነው” አለች።

ዶይል ስታምፐር ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሠላሳውን ዓመት ከሰል ጉድጓድ ውስጥ በጉልበቱ ሲድህ ኖሯል፤ በዚህ በብሎኬት ላይ በተቀመጠ ተጎታች ቤት ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመት። ጣሪያው ሲያፈስ ሬንጅ የቀባው እሱ ነው። ቧንቧው በብርዱ ወራት በረዶ ሲሆን ጨርቅ የጠመጠመለት እሱ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ የበሰበሰውን ወለል ቆርጦ አዲስ ጣውላ የመታበትም እሱ ነው። አሁን ጫማው በዕድሜ የሚበልጣት ልጅ መጥታ ስለ ገዛ ቤቱ ታስተምረዋለች።

“ሐሙስ ጠዋት ተመልሼ አየዋለሁ። ወለሉ ከተስተካከለ ባለቤትዎ ኢሞጂን ዓርብ ቤቷ ትገባለች። ካልሆነ ግን ዳሌዋ እስኪጠና የአረጋውያን መጦሪያ መግባቷ ነው።”

“እስኪጠና ማለት እስከ መቼ?”

ነርሷ ወረቀቷን አየች። ሲጠየቅ ወረቀት የሚያይ ሰው መልሱን እንደማያውቀው ዶይል ከልጅነቱ ጀምሮ ተምሯል፤ ትምህርት ቤት ካስተማሩት ሁሉ ያልረሳው ይህንኑ ነው። የኢሞጂን እናትም “እስኪሻላት” ተብላ ነበር መጦሪያ የገባችው። የወጣችው በሬሳ ሣጥን ነው።

ነርሷ እንደሄደች ዶይል መታጠቢያ ቤቱን ሊከፍት ቢገፋ በሩ ያዘ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይይዛል። እጁ ሳያስበው ከመሣሪያ ሣጥኑ የእንጨት መላጊያውን አወጣ። በር ሲይዝ መላግ ለዶይል እንደ ማስነጠስ ያለ ነገር ነው፤ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት የቤቱን ሦስት በሮች እየላገ እየላገ፣ ከላይ በኩል አንዳንዱን ጣት የሚያህል አጉድሎታል። አንድ ጊዜ ገፋ አደረገው። ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ እግሩ ሥር ወደቀ። ቀና ሲል መደገፊያው ከኮሪደሩ ጫፍ ቆሞ አየው።

ወለል አይላግም። መላጊያውን መልሶ አስቀመጠው።

የሚያደርገውን ያውቀዋል፤ ቤቱ ከሥሩ መነሣት አለበት። ለዚህ ሥራ ሰዎች አሉ። ሁለቱ ጋ ደወለ፤ አንዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ አለው፣ ሌላው የቤቱን ዕድሜ ሲሰማ ሳቀ። የቀረው ቨርሊን ነው። ዶይል ደግሞ ከቨርሊን ጋር ከተነጋገረ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ቨርሊን የኢሞጂን ታላቅ ወንድም ነው። ዕድሜውን ሙሉ ተጎታች ቤቶችን ከመኪና እያወረደ በብሎኬት ላይ ሲያስቀምጥ ነው የኖረው፤ ይህንንም ቤት ያስቀመጠው እሱ ነው። ታዲያ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በቤተ ክርስቲያኑ ዓመታዊ ግብዣ ላይ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ሁለት መቶ ሰው የዶሮ ጥብስ እየበላ ሳለ ቨርሊን ተነሥቶ፣ “አማቼን ታውቁታላችሁ? ቤቱ ሲሰምጥ በር የሚልግ ጀግና ነው! መርከብ ላይ ቢሆን ኖሮ መስኮት ይወለውል ነበር!” አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰባኪው ሳቀ። ከሁሉ የሚብሰው ኢሞጂንም ሳታስበው ፈገግ ማለቷ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ዶይል ያን ቀን ሣህኑ ላይ የቀረውን የበቆሎ ቂጣ ቁራሽ ሳይቀር ያስታውሳል።

ማክሰኞ ማለዳ ዶይል ቨርሊን ቤት ሲደርስ፣ እሱ በረንዳው ላይ የሣር ማጨጃ ምላጭ ይስላል።

“ማን ሞተ?” አለ ቀና ሳይል።

“ማንም አልሞተም።”

“አንተ እዚህ የምትመጣው ሰው ሲሞት ብቻ ይመስለኝ ነበር።”

“ክሪክ አለህ?”

“ለመኪና ነው ለቤት?”

“ለቤት።”

ቨርሊን ምላጩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ሽቅብ አየው። “ምነው፣ መላጊያህ ዶለዶመ?”

ዶይል ፊቱን አዞረ። ሁለት እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ጀርባውን እንደሰጠ ቆመ። “እህትህን መጦሪያ ሊያስገቧት ነው” አለ። “ወለሉ ለሐሙስ ካልተስተካከለ።”

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማ።

“ክሪኮቹ መጋዘን ናቸው” አለ ቨርሊን። “ከባዱን አንተ ተሸከም። የእኔ ወገብ ከተቆረጠ ቆይቷል።”

ቀሚስ የሚሉትን፣ የቤቱን ግርጌ ዙሪያውን የሚሸፍነውን ቆርቆሮ ፈቱና ሥራ ጀመሩ። ቨርሊን ሆዱ ስለማያስገባው ከውጭ ተቀመጠ፤ ቀይ ቀለም የገባበት ውሃ የሞላውን ግልጽ ቱቦ ይዞ ወለሉ እኩል መሆን አለመሆኑን በውሃ ልኩ ያነባል። ዶይል በደረቱ እየተሳበ ከሥር ገባ። ጨለማውና የእርጥብ አፈሩ ሽታ የከሰሉን ጉድጓድ አስታወሰው። እዚያም ቢሆን ከላይ ሆኖ የሚያዝ ሰው አይጠፋም ነበር።

“ከክሪኩ ሥር ሰፊ ጣውላ አድርገሃል?”

“አድርጌያለሁ።”

“ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም። ብሎኬቱን ሳታስጠጋ ጭንቅላትህን ከወለሉ ብረት ሥር እንዳታገባ!”

“ጭንቅላቴ ለአንተ ምንህ ነው?”

“ለእኔማ ምኔም አይደለም፤ ኢሞጂን ግን ለምዳዋለች። በል፣ ክሪኩን ሩብ ዙር።”

ሩብ ዙር ያነሣል፤ ይጠብቃሉ። ቤቱ ይንቋቋል፣ አንድ ቦታ ጧ ይላል፣ ዝም ይላል። ከዚያ ከብሎኬቱ ላይ የእንጨት ሽብልቅ በመዶሻ መትቶ ያስገባል። እንደገና ሩብ ዙር። እንዲህ እያሉ እስከ ከሰዓት የቤቱን መካከል አቀኑ።

“በሮቹን ልይ” አለ ቨርሊን። ቤት መቅናቱን በር ነው የሚናገረው፤ የሙያው ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያየው።

ዶይል ከሥር ተጋድሞ የቨርሊንን ኮቴ ከራሱ በላይ ሰማ። ኮቴው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ዶይል ዐይኑን ጨፈነ። ቤቱ ወደ ቦታው ሲመለስ የተላጉት በሮች አብረው ወደ ቦታቸው እንደማይመለሱ አሁን ነው የገባው። ከላያቸው ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ይዘው መቅረታቸው ነው። ሳቁን ጠበቀ። አሥራ ሁለት ዓመት የሰማውን ሳቅ።

ኮቴው ወደ ቀጣዩ በር ሄደ። ቆመ። ተመለሰ።

“ከኩሽናው በኩል አንድ ሩብ ጨምር” አለ ቨርሊን ከውጭ። አልሳቀም።

ዶይል ግን አላመነውም። ‘ቀልዱን ለቤተ ክርስቲያን እያስቀመጠው ነው’ አለ በሆዱ።

ረቡዕ ወደ ወንዙ የሚያየው ጫፍ ላይ ደረሱ፤ መኝታ ቤቱ ያለበት፣ ከሁሉም የሰመጠው እሱ ነው። እዚያ ቤቱ ለመሬት በጣም ስለሚቀርብ ዶይል በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ገብቶበት አያውቅም፤ ቧንቧውም ሌላ ጋ ነው። ተኝቶ በትንሽ አካፋ ጭቃውን እየጫረ የብሎኬቱን ግርጌ ፈለገ። አንዱ ብሎኬት አልቆ ሌላው ብቅ አለ፣ እሱም አልቆ አፈር ሆነ። እጁን ሰዶ ዳሰሰ። ከሌሎቹ ሁሉ ሥር መሠረቱን የሚያሰፋ ወፍራም ጣውላ ነበረ። እዚህ ምንም የለም። ቀጥሎ ያለውንም ቆፈረ። እሱም ባዶ። ቤቱ ጫፉን ለስላሳ ሙሌት አፈር ላይ አስቀምጦ ሠላሳ አራት ዓመት ሲሰምጥ ኖሯል።

ዶይል አካፋውን ጣለ። ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቀው፤ ደስታ ይመስላል፣ ግን ደስታ አልነበረም።

“ቨርሊን!”

“አቤት።”

“ከዚህ ብሎኬት ሥር ምንድን ነው ያደረግከው?”

ቀዩ ውሃ ቱቦው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ቆርቆሮው በተፈታበት ክፍተት ይታየዋል።

“ምንም” አለ ቨርሊን በመጨረሻ። “ጣውላ አለቀብኝ። ቅዳሜ ነበር፣ ዝናብ እየመጣ ነበር፣ ኢሞጂን ደግሞ ዛሬውኑ ቤቴ ማደር አለብኝ ብላ ፍራሿን ተሸክማ ቆማ ነበር። ሰኞ መጥቼ አስተካክላለሁ አልኩ።”

“ሰኞ አልመጣህም።”

“አልመጣሁም።”

“ታውቅ ነበር! ያን ቀን ሁለት መቶ ሰው ፊት ስታስቅብኝ ታውቅ ነበር!”

“አውቅ ነበር።” የቨርሊን ድምፅ ዝቅ አለ። “ሳምንት ቀደም ብሎ ኢሞጂን በሮቹ ያስቸግራሉ አለችኝ። ወዲያው ገባኝ። ሰው ከሥር እንዳያይ በበሩ አሳቅሁት። ከዚያ አንተ ዘጋኸኝ፤ እኔም ደስ አለኝ፣ ላልመጣ ምክንያት አገኘሁ።”

ዶይል ሊሳደብ አፉን ከፈተ። ለአሥራ ሁለት ዓመት የቆጠበው ስድብ ነበረው፣ ሌሊት ሌሊት ያሳመረው፣ እያንዳንዱ ቃል የተሳለ። ሰዓቱን አየ። ሊመሽ ሦስት ሰዓት ይቀረዋል። ከውጭ ውሃ ልኩን የሚያነብ ከዚህ ሰው ሌላ የለውም።

“ጣውላ አምጣ” አለ። “ሰፊውን። አራት አድርገው።”

“መኪናዬ ላይ ስድስት አለ።”

“ከየት የመጣ ነው?”

“ትናንት ማታ ነው የጫንኩት” አለ ቨርሊን። “እንደምታገኘው አውቅ ነበር።”

ሐሙስ ነርሷ መጣች፤ ዶይልና ቨርሊን ይጠብቋት ነበር። መደገፊያውን ኩሽናው አጠገብ አቆመችና እጇን አነሣች። ሦስቱም አዩት። መደገፊያው ፍንክች አላለም። መኝታ ቤቱ ድረስ ወስዳ እዚያም ለቀቀችው፤ ቆመ። ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ከዚያ ብዕሯን ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ቀሰረች፤ ከላዩ ባለው ክፍተት የጠዋት ብርሃን እንደ ቢላ ያበራል።

“ይሄስ ምን ሆኖ ነው?”

ቨርሊን አፉን ሊከፍት ሲል ዶይል ቀደመው።

“እኔ ነኝ የላግሁት” አለ። “ቤቱ ይሰምጣል፣ እኔ በር እልግ ነበር።”

“የሰመጠው ደግሞ በእኔ ነው” አለ ቨርሊን ጫማውን እያየ።

ነርሷ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፤ “ለመውደቅ የሚያሰጋ አይደለም” ብላ ፈረመች።

ዓርብ ኢሞጂን ገባች። በመደገፊያዋ ኮሪደሩን ይዛ በዝግታ ሄደች፤ ዶይል ከኋላዋ እጁን ዘርግቶ፣ ሳይነካት ይከተላል። ቨርሊን ከኋላቸው መጥቶ ኮፍያውን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቀረ፤ ግባ ያለው የለም። ዶይል ይቅር ብሎት አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር እንደ ቤት ነው፤ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እየተባለ እንጂ በአንድ ጊዜ ቢያነሡት ይሰነጠቃል።

ኢሞጂን መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ክፍተቱን እያየች መሆኑን ዶይል አወቀና ጆሮው ድረስ ቀላ።

“ዶይል” አለች ቀስ ብላ ከውስጥ።

“አቤት!”

“ጮክ ሳልል ሰማኸኝ?”

“ሰማሁሽ።”

“እንግዲያው ይሄን በር እንዳትነካው። ብወድቅ ሳልጮህ ትሰማኛለህ።” ከዚያ፣ “ያ ደጃፍ ላይ የሚተነፍሰው ሰውዬ ወንድሜ ነው?” አለች።

ዶይል ወደ ደጃፉ ዞረ። ቨርሊን ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ነበር።

“እሱ ነው” አለ ዶይል። ከዚያ ለቨርሊን፣ “ባቄላው ከምድጃው ላይ ነው። ራስህ ቅዳ፤ እኔ አላስተናግድህም” አለው።

ቨርሊን ገባ። ከኋላው የውጭውን በር ሲመልሰው በአንድ ጣት ገፋው፤ በሩም ሳይይዝ ተዘጋ።