ቀን ያልተጻፈበት ውሃ

አክስቴ ብዙነሽ ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ግምጃ ቤት ሠርታ፣ በአርባ ሰባት ዓመቷ ድንገት ለቀቀች። ለምን? የሰው ቤት ላደራጅ ብላ! ማጽዳት አይደለም፣ ማደራጀት። ቁምሳጥን ትከፍታለች፣ የሚጣለውን ትጥላለች፣ የቀረውን አጣጥፋ ስም ትለጥፍበታለች። ቲክቶክ ላይ አይታ ነው።

ጎረቤቷ ወርቁ "ብዙዬ፣ ካልሲ እያጠፉ መኖር ይቻላል እንዴ?" ብሎ ሳቀባት።

"ያንተን ካልሲማ አላጥፍም፣ እጥላለሁ እንጂ!"

ደግሞ ተሳካላት። ሱሉልታ ሁለት ቤት፣ ፉሪ አንድ ቤት አደራጀች። ከዛ ቡራዩ፣ ባለሱቋ ሬሐና ጋ ሄደች። የሬሐና እናት አዴ ዱርሲቱ ሆስፒታል ተኝተው ሐኪሞቹ "በቃ ቤት ውሰዷቸው" ብለዋል። በቃ ገብቷችኋል። ሬሐና "የእማዬን ክፍል አሳምሪልኝ" ብላ ቁልፉን ሰጥታት እናቷን ልታመጣ ሄደች።

ብዙነሽ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ሕግ አላት፤ ስምና ቀን ያልተጻፈበት ፈሳሽ ይደፋል። እዛ ኬሚካል ነዋ! የአዴ ዱርሲቱ ሳጥን ግርጌ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ጀሪካን አገኘች። ከፈተቻት። ውሃ። የስንት ዘመን ውሃ! የወጥ ቤቱ ማጠቢያ ውስጥ ደፋችው።

አመሻሽ ላይ አዴ ዱርሲቱ መጡ። ገና ጋደም እንዳሉ "ዘምዘሜን አምጡልኝ" አሉ።

ከአስራ አራት ዓመት በፊት ከመካ ያመጧት የተባረከች ውሃ ናት። ነፍሳቸው ስትወጣ አፋቸውን እንዲያርሱበት ብለው አንድ ቀን እንኳ አልቀመሷትም።

ብዙነሽ ያቺ ጀሪካን መሆኗ ገባት። እሷም እኮ ራስጌዋ ጠበል አለ፣ በሃይላንድ፣ ቀንም ስምም የሌለው!

"እማማ፣ እኔ ነኝ... ደፋሁት።"

"ምን?!" ሬሐና ጮኸች።

አዴ ዱርሲቱ ግን ረጋ ብለው "የት ደፋሽው፣ ኢንተላ ኮ?" አሏት፣ ልጄ እንደማለት።

በመስኮት በረንዳው ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ጽጌረዳ ታያት።

"አበባው ላይ።"

"አልሐምዱሊላህ! እግር አልረገጠውማ።"

"እማዬ፣ ከሐጂ የህያ ቤት ሌላ ላምጣልሽ?" አለች ሬሐና።

"ተዪው። የኔው እዚሁ አለ አይደል? አበባውን አስጠጊልኝ።"

ያኔ ብዙነሽ እውነቱን መናገር ነበረባት። የሐጂ የህያ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እሷ ግን አበባውን አንስታ አስጠጋችላቸው። አዴ ዱርሲቱ ቅጠሉን ነክተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉና "ገለቶሚ" ብለው አመሰገኗት። አመሰገኗት!

በዘጠነኛው ቀን ጣታቸው ቅጠሉ ላይ እንዳለ አረፉ።

ሬሐና አልተቀየመቻትም። እንደውም የእህቴን ቤት አደራጂ ብላ ደወለችላት። ብዙነሽ አልሄደችም። ከዛ ወዲህ የማንንም ሳጥን አልከፈተችም። ፋብሪካውም ቦታዋን ለሌላ ሰው ሰጥቷል።

"ንገሪያትና ይውጣልሽ" እላታለሁ።

"ምን ብዬ? እናትሽን ውሃ የነፈግኳቸው እኔ ነኝ ልበላት?"

ሦስቴ ሬሐና ሱቅ ድረስ ሄዳለች። ሦስቴም ሳሙና ገዝታ ተመለሰች።