ግራ ያጋባ ጎማ

ሲስተር አርባ ዓመት በቀዶ ጥገና ክፍል ሠርታ ጡረታ ስትወጣ፣ ባልደረቦቿ ተደላድላ የምታርፍበት ትልቅ ወንበር ሸለሟት። እሷ ግን ወንበሩን ለድመቷ ለቅቃ፣ አንድ ዶክተር ግቢው ውስጥ ጥሎት የነበረ የስልሳ አራት ሞዴል የአሜሪካ ዶጅ መኪና ገዛች። ዶሮ የሚያድርበት ዶጅ! ሰው ሁሉ ምን ነካት አለ። እሷ እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሦስት ዓመት ሙሉ ካርቡራተሩን ፈታ ገጠመች፣ የፍሬኑን ቧንቧ ቀየረች፣ አይጥ የበላውን ሽቦ አንድ በአንድ ተካች። ባለፈው ወር ሞተሩ ነፍስ ሲዘራ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ችግሩ ልጇ ነው። ልጇ ኢንጂነር ነው፤ ድልድይ ይሠራል፤ ያልለካውን ነገር አያምንም። አንድ ቀን ሊጠይቃት ብቅ ሲል መኪናዋን የተሸከመው ክሪክ ተንሸራቶ፣ እናቱ ክንዷ ተልጦ፣ ከመኪናው ሥር እየተሳበች ስትወጣ ደረሰ። ክው አለ።

«እማዬ፣ ይሄ ብረት አንቺን ሳይበላ አይተኛም። በቃ!»

«ጭረት እኮ ነው፣ ልጄ። እኔ ስንት ሆድ ሲከፈት አይቻለሁ።»

«የሰው ሆድ ነዋ!»

ተጨቃጨቁ፣ ተኮራረፉ፣ በመጨረሻ ተዋዋሉ። ዶጇ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በራሷ ጎማ ከግቢ ከወጣች ልጅየው ዳግመኛ አፉን አይከፍትም። ካልወጣች ክሬን መጥቶ ለብረታ ብረት ገዢ ይወስዳታል። ሲስተር እሺ ያለችው የቀረው ሥራ የበሰበሱትን ጎማዎች መቀየር ብቻ ስለነበረ ነው። አዳዲሶቹ ከነብረት ቸርኬያቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ጎማ መቀየር ደግሞ ምን ይከብዳል?

የቀኙ ሁለት ጎማ እንደ ዋዛ ተፈታ። የግራው ግን ወይ ፍንክች! ዘይት አጠጣችው፣ የመፍቻ ቁልፉን በመዶሻ ደበደበችው፣ ላዩ ላይ ቆመችበት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። በሁለተኛው ሳምንት ፍርሃት ገባት። የፈራችው መኪናዋን ማጣት ብቻ አልነበረም። ዶጇ ከሄደች የሚቀራት ያ ወንበር ነው። እጇ ገና ሥራ ይፈልጋል፤ እጇን የሚፈልግ ሥራ ያለው ግን እዚህ ግቢዋ ጋራዥ ውስጥ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክሬኑ መጥቶ የግቢው በር ላይ ተገተረ። ሹፌሩ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ልጅየው እናቱ በላብ ተጠምቃ ጎማውን ከያዘው ዳዶ ጋር ስትታገል ሲያይ አንጀቱ አልቻለም።

«ቆይ እስቲ፣ አንዴ እኔ ልሞክረው» አለና እጅጌውን ሰብስቦ የቁልፉ እጀታ ላይ ረጅም ቱቦ ሰካ።

«እኛ ጉልበት የምንለውን እናንተ ሒሳብ ትሉታላችሁ አይደል?» አለ ሹፌሩ፣ እሱም ቱቦውን እየያዘ።

ሁለቱ ተጋግዘው ወደ ግራ ጠመዘዙት። ቋ! ኢንጂነሩ በቂጡ ዘጭ አለ። ዳዶው የተሰበረውን የብሎን ጫፍ እንደያዘ ተንከባሎ ሲስተር እግር ሥር ቆመ።

«አለቀ» አለ ሹፌሩ። «ከዝገቱ ጋር ተጋብቷል፣ ፍቺ የለውም። በእሳት ካልተቆረጠ አይወጣም።»

ልጅየው አቧራውን እያራገፈ እናቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «እማዬ፣ ሞከርን እኮ» አለ ቀስ ብሎ። ሲስተር ሆድ ባሳት።

ነገር ግን ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ከሰው ገላ የወጣ ነገር ሳይታይ አይጣልም። ጥይትም ይሁን ጠጠር፣ ታጥቦ ታይቶ ነው። ይህ ልማድ ከሲስተር ጋር ጡረታ አልወጣም። ጎንበስ ብላ ስባሪውን አነሳች፤ ጣሳ ውስጥ ነጭ ጋዝ ቀዳች፤ አሮጌ የጥርስ ብሩሿን ይዛ ትፈትገው ጀመር።

«ምን ሊያደርጉት ነው ሲስተር? ለመታሰቢያ?» አለ ሹፌሩ።

ፍተጋዋን ቀጠለች። ከጥቀርሻው ሥር፣ የብሎኑ ጫፍ ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቅ አለች። ኤል።

«የፋብሪካው ምልክት ይሆናል» አለ ልጇ።

ተንበርክካ የቀሩትን አራት ብሎኖች ፈተገች። ሁሉም ላይ ኤል። ዞራ የቀኙን ጎማ አየች፤ ኤል የሚባል የለም። ሲስተር ያቺን ፊደል በራጅ ፊልም ጥግ ላይ ስታያት ነው የኖረችው፤ ግራ ማለት ናት። ሐኪሙ ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት ግራ ወይም ቀኝ መሆኑን የምታረጋግጠው እሷ ነበረች። ምልክት ደግሞ የሚደረገው ሊምታታ የሚችል ነገር ላይ ነው።

«ይሄ የግራ ብሎን ነው» አለች። «ጥርሱ በተቃራኒ ነው የተቆረጠው።»

«እማዬ፣ ብሎን ብሎን ነው።»

«ኩላሊትም ኩላሊት ነው። ግን ግራና ቀኝ አለው።»

ቁልፉን አስገብታ ቱቦውን ወደ ቀኝ ተደገፈችበት።

«ወደዚያ ማጥበቅ ነው!» ሁለቱም ባንድ አፍ ጮኹ።

ዳዶው ሲጥ አለ። ከዚያ ዞረ። ከዚያ በጣቷ ፈታችው፤ የቀሩትም በየተራ ተከተሉት። ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታጠብቀው ነው የከረመችው!

ሹፌሩ ሆዱን ይዞ እስኪያነባ ሳቀ። ኢንጂነሩ አልሳቀም። የእናቱን ጥቁር፣ የተላላጠ እጅ ትኩር ብሎ አየ። ከዚያ ሰዓቱን ተመለከተ፤ ሦስት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ሰዓቱን ከክንዱ ፈትቶ ኪሱ ከተተና አዲሱን ጎማ እያንከባለለ አመጣላት።

«ወደ የት ነው የማጠብቀው?» አለ።

«ወደ ግራ። ቀስ ብለህ፤ እዚህ ጎማ ላይ የቀሩን ብሎኖች አራት ናቸው።»

ሁለቱን ጎማ ቀይረው ክሪኩን ሲያወርዱ ፀሐይዋ ከረር ብላ ነበር። ሲስተር እጇን እንኳ ሳትታጠብ መኪናዋ ውስጥ ገባችና የሞተሩን ቁልፍ አዞረች። ዶጇ አንዴ ሳል ሳል አላት፤ ቀጥሎ በረጅሙ አጉተመተመች። ማርሽ ስታስገባ መኪናዋ ከጋራዡ ጥላ ወደ ብርሃኑ ወጣች፤ በሩ አጠገብ ስትደርስ ግን ፍሬን ያዘች። አንገቷን በመስኮት አውጥታ ሹፌሩን ጠራችው።

«ልጄ፣ ክሬንህን አንሳልኝ፤ መውጫ ዘግተህብኛል።»