የኤርለንቡሾች ከርከሮ

«ይቺ መዶሻማ አነሰች» አለ ኤግበርት፣ የሾርባ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ። «የስምንት መቶ ዓመት ቤት በሚስማር መምቻ ይዘጋል እንዴ?»

ባሮን ሎታር ፎን ኤርለንቡሽ ከታች፣ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ተገንዘው ተኝተዋል። ቀብራቸው ነገ ነው። ወንድ ልጅ አልተዉም። የአንድ ቤት የመጨረሻው ወንድ ሲሞት የባቫሪያ ባላባቶች አርማው ያለበትን ጋሻ ሬሳ ሣጥኑ ፊት ሰባብረው አብረው ይቀብሩታል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ስም የለም። ጋሻው ገና ከምግብ አዳራሹ ግድግዳ አልወረደም። ላዩ ላይ የተሣለው ጥቁር ከርከሮ ጥርሱን አግጥጦ ለቀስተኛውን ይገላምጣል።

«አይሰበርም» አለች ዋልቡርጋ፣ የሟች አንድያ ልጅ፣ ለእንግዳ የፕለም አረቄ እየቀዳች።

«ምን አልሽ?» አሉ አክስቷ ኩኒጉንደ፣ የኤግበርት እናት። እኚህ ሴት ከፖርቱጋል እስከ ሩሲያ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን የማንን አገጭ እንደወረሰ በቃላቸው ይወጡታል፤ መነጽራቸውን የት እንዳስቀመጡ ግን አያውቁም።

«አይሰበርም አልኩ። ቤቱ አላለቀም፤ እኔ አለሁ።»

«አንቺማ የከብት ሐኪም ሚስት ነሽ፣ የኔ ቆንጆ» አሏት፣ ክፉ በሽታ እንደያዛት ሰው እያዘኑላት። «ደግሞም ሴት አትቆጠርም።»

ዋልቡርጋ ጠርሙሱን አስቀመጠች። «ኤግበርት፣ አንተ መዶሻ የያዝከው የአባቴ ማን ሆነህ ነው?»

«የእህት ልጅ ነኛ!»

«እህታቸው ሴት አይደለችም?»

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሳቃቸውን ወደ ሳል ቀየሩት። ኩኒጉንደ ልጃቸውን አዩት፤ እሱ ግን ሾርባውን ያይ ነበር።

«ወግ ነው» አለ በመጨረሻ። «ወግ ደግሞ አይጠየቅም።»

ዋልቡርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከከርከሮው ጎን የዘሩ ዛፍ ተሥሏል፤ ወንዶቹ የወርቅ ቅጠል፣ ሴቶቹ አበባ። የከብት ሐኪሙን ክሳቨርን ያገባች ዕለት አባቷ ሰርጓ ላይ አልተገኙም፤ መሰላል ላይ ወጥተው የእሷን አበባ በኖራ እየለቀለቁ ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን አበባው በኖራው ውስጥ ብቅ ይላል። ኤግበርት «ልድገመው?» ሲላቸው፣ «ተወው፣ እርጥበት ነው» ይሉት ነበር። እርጥበቱን እስከ ዕለተ ሞታቸው ተዉት።

እኚሁ ሰውዬ ናቸው በጦርነቱ የመጨረሻ ክረምት፣ ጎመን ለስንቅ በጨው የሚኮመጥጥበት በርሜል ክዳን ለማገዶ ሲነድ፣ ጋሻውን ከግድግዳ ያወረዱት። በፈላ ውሃ ፈትገው፣ ጨው የተነሰነሰበት ጥቅል ጎመን ላይ ከርከሮውን ሽቅብ አስተኙት።

«አባዬ፣ ኃጢአት አይሆንም?» አለች፣ ያኔ ልጅ ናት።

«ስምንት መቶ ዓመት ተንጠልጥሎ ኖረ። አሁን ይሥራ!» የክዳኑን መጫኛ ድንጋይ አቀበሏት። «አፍንጫው ላይ እንዳትጭኚበት፣ ቡርጊ። ይተንፍስ።»

ያንን ክረምት ከርከሮው አወጣቸው።

በማግስቱ ኤግበርት ከአናጺው ትልቅ መዶሻ ተውሶ መጣ። ቄሱ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኤርለንቡሽ እስከ ዛሬ ነበረ፤ ከእንግዲህ የለም!» ብሎ ባዶ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ማንም ምንም አላቀበለውም።

«ጋሻውስ?»

«ሥራ ላይ ነው» አለች ዋልቡርጋ።

ክሳቨር ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ፤ ትከሻው ግን አሳበቀበት። ከገበሬዎቹ መሀል አንዱ በግልጽ ሳቀ።

«እማማ፣ አንድ ነገር በያት እንጂ!»

ኩኒጉንደ ጎንበስ ብለው አፈር ዘገኑና በወንድማቸው ሣጥን ላይ በተኑ። «መዶሻውን አስቀምጥ» አሉት። «በኔ በኩል ነው የያዝከው፤ እኔ ደግሞ አልቆጠርም።»

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ፎቅ ላይ ሲበላ፣ ዋልቡርጋ በጥቁር ልብሷ ወደ ምድር ቤት ወረደች። የዘንድሮውን ጎመን አባቷ ሊሞቱ ሰሞን በገዛ እጃቸው የከተፉት ነው። ንጋት ላይ ያስተኛችው ከርከሮ ጨዋማው ውሃ ውስጥ ጥርሱን አግጥጦ ጠበቃት። ድንጋዩ ወደ አፍንጫው ተንሸራትቷል።

በእጅጌዋ ዓይኑን ጠረገችለት። ከዚያ ድንጋዩን በሁለት እጇ አንስታ፣ ከአፍንጫው ፈቀቅ አደረገችው።