የሂንዳ ተሳቢ

ሂንዳ ከባጃጁ ሳትወርድ ነው የተቃጠለው ፍሬን የሸተታት። መኪናው የገባው ትላንት ከሰዓት ነበር፤ እስከ ዛሬ ይሸታል ብላ አላሰበችም። ጋራዡ በር ላይ ሾፌሩ ይትባረክ ቁልፉን ለወንድሟ ለባርኸድ ዘርግቶ ቆሟል። ባርኸድ ሁለት እጁን ኪሱ ከቷል።

"ያዘው አቦ፤ ክንዴ ዛለ" አለ ይትባረክ።

"መልሰህ ኪስህ ክተተው። ሲሚንቶው ማታውኑ ተጭኗል፣ ጅጅጋ ሰው ይጠብቃል።"

"ይጠብቃ። እኔንም ቤቴ የሚጠብቁኝ አሉ።"

ሂንዳ ሻሿን እያስተካከለች ተጠጋቻቸው። ታይዋን ገበያ ያለውን የጨርቅ ሱቋን ለጎረቤት ትታ ስትወጣ በዚህ ሳምንት ሦስተኛዋ ነው። ሙቀቱ ገና በረፋዱ አናት ይበሳል። መጨቃጨቅ ቀርቶ ሰላምታ ለመስጠት እንኳ አቅም አልነበራትም።

"ደግሞ ምን ሆናችሁ?"

"መጣሽ?" አለ ባርኸድ። "ነይ፣ ንብረትሽን እዪ።"

ንብረቷ ከመኪናው ኋላ የቆመው ተሳቢ ነው። አባታቸው ሐጂ ሽሬ ሲሞት የተወው አንድ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ነበር። እናታቸው ድርሻዋን ስለተወችላቸው ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሁለቱን በሸሪዓው አካፈሏቸው፤ ለወንድ ሁለት እጅ፣ ለሴት አንድ እጅ። መኪናው የተሳቢውን እጥፍ ያወጣል ተባለና መኪናው ለባርኸድ፣ ተሳቢው ለሂንዳ ደረሰ። ክፍፍሉ ያማረ ነው ያላለ ሰው አልነበረም። ሂንዳም ብላለች።

ጣጣው የመጣው ጎማና የፍሬን ሸራ መቀየር ሲጀመር ነው። ተሳቢው ፍሬን በያዘ ቁጥር የሚያልቀው የእሷ ሸራ፣ የሚበላው የእሷ ጎማ ነው። ካልያዘ ደግሞ ሁሉም በባርኸድ መኪና ላይ ይወድቃል። አንድ ቀን እዚሁ ጋራዥ ሻይ እየጠጣች ለመካኒኩ ለኃይለየሱስ፣ "ሁለት እጅ የወሰደ ሁለት እጅ ፍሬን ይያዝ" አለችው። ቀልድ ነበር። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ሲቆም ግን ቀልዱ አልቆመም። ከመኪናው ወደ ተሳቢው ከሚሄዱት ሁለት የአየር ቱቦዎች ቢጫውን፣ እሷ እሺ ስትለው፣ አጥፎ በሽቦ አሰረላት። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ለተሳቢው የሚነግረው ቢጫው ነው። ከዚያ ወዲህ ለተሳቢው የሚነግረው ጠፋ፤ ዝም ብሎ ይከተላል።

ባርኸድ ሰምቷል። ሽቦውን መፍታት የደቂቃ ሥራ ነበር። "የእህቴን ንብረት አልነካም" አለ እንጂ አልፈታውም። ይትባረክም በወንድምና በእህት መሃል መግባት ስለማይወድ ዝም ብሎ ሲነዳ ከረመ፤ እስከ ትላንት ድረስ።

"ንገራት" አለ ባርኸድ።

"ምን እነግራታለሁ? በቆሎ ጭኜ የደንገጎን ቁልቁለት እየወረድኩ ነው። መኪናውን ይዤዋለሁ። ከኋላዬ ያለው ሁለት መቶ ኩንታል ግን አልተያዘም፤ ይገፋኛል። ኩርባው ላይ በስፖኪዮ ሳይ አንድ መኪና ጎኔ መጥቷል። ይሄ ዕብድ እዚህ ጋ ሊያልፈኝ ነው እንዴ ብዬ ጡሩንባ ልነፋበት ስል…" ይትባረክ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። "የራሴ ተሳቢ ነው። ዞሮ ሊቀድመኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መንገድ ሠሪዎች የተዉት የጠጠር ክምር ነበር። እሱ ላይ ወጣሁበት። ጠጠሩ ባይኖር ዛሬ ሌላ ቦታ ነበር የምትመጪው።"

ሂንዳ በመኪናውና በተሳቢው መሃል ገብታ ጎንበስ አለች። ቱቦው አዲስ ታጥፎ፣ ሽቦውም አዲስ ታስሮ አየችው።

"ኃይለየሱስ፣ ይሄን ፍታው።"

መካኒኩ ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ጠዋት ፈትቼው ነበር። አየር ይተፋል። ውስጥ ያለው ላስቲክ ሳይሠራ ከርሞ ደርቆ ተቀዷል፣ የፍሬኑ ከበሮም ዝጓል። መልሼ አሰርኩት። ዕቃው ከተገኘ ሁለት ቀን ይፈጃል።"

"ሁለት ቀን አልጠብቅም" አለ ባርኸድ። "የኔን ሸራ በሙሉ አስቀይሬያለሁ። አዲስ ነው።"

"ያንተን ቀየርክ። የሷስ?" አለ ይትባረክ።

"የሷ የኔ አይደለም።"

"እኔ ትላንት በየትኛው ልሞት እንደነበር ብትነግሩኝ። ባንተ ነው በሷ?"

ባርኸድ ቁልፉን ከይትባረክ እጅ መንጭቆ ወሰደ። "ራሴ እነዳዋለሁ።"

"ተሳቢ ነድተህ ታውቃለህ?" አለ ይትባረክ።

"አባቴ ሲነዳ ጎኑ ተቀምጬ ነው ያደግኩት።"

"ተኝተህ ነዋ" አለች ሂንዳ። "ካራማራ ቁልቁለቱ ላይ ሁሌ ትተኛ ነበር።"

ባርኸድ ወደ መኪናው ደረጃ ወጣ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ሂንዳ አየችውና ደንገጎን ወጥቶ፣ ሐረርን አልፎ፣ ካራማራን ሲወርድ ታያት። ከኋላው የሚገፋው ሊብሬው ላይ ስሟ የተጻፈው ተሳቢ ነው።

"ባርኸድ። ለእማ ምን ብዬ ነው የምነግራት?"

"ምኑን?"

"የኔ ተሳቢ ገፋው ልበላት?"

"አንቺ ነሽ ያሳሰርሽው።"

"እኔ ነኝ።"

እንዲህ ቶሎ ታምናለች ብሎ ስላልጠበቀ እግሩ ደረጃው ላይ ቀረ። ሂንዳ ወደ ኃይለየሱስ ዞረች። "ታኮ አድርግበት። ሁሉም ጎማ ላይ። ከዚያ ፒኑን አውልቀው።"

"ከነጭነቱ?"

"ከነጭነቱ። ሸራውም ይቀየር፣ ላስቲኩም፣ የቀረውም ካለ።"

"የሳምንት ገቢሽ ነው" አለ ባርኸድ።

"አውቃለሁ።"

ኃይለየሱስ ድንጋዮቹን ጎማዎቹ ሥር ወሸቀ፣ ቱቦዎቹን ነቀለ። ከዚያ መዶሻ ይዞ ገባ። መኪናውንና ተሳቢውን የሚያገናኘው ወፍራም ፒን ወዲያው አልወጣም፤ ሲመታ ሲመታ ቆይቶ ግራሶ እንደተለቀለቀ ወጣ። ሂንዳ እጇን ዘረጋች።

"ፒኑ የመኪናው ነው" አለ ባርኸድ ከላይ።

ሂንዳ እንደማትከራከር ሁሉ ራሷን ነቀነቀች። ከቦርሳዋ ለናሙና የያዘችውን ቁራጭ ጨርቅ አውጥታ ብረቱን ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ያንተ ነው። እኔ ጋ በአደራ ይቀመጥ።"

"መቼ ነው የምትመልሽው?"

"ይትባረክ ፍሬኑን ረግጦ ያዘ ሲለኝ።"

ባርኸድ ከደረጃው ወርዶ ቁልፉን ለይትባረክ ሰጠው። ይትባረክ ቆም ብሎ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሄደ፤ ባዶውን መጎተቻ አይቶ፣ በእግሩ ታኮዎቹን አንድ በአንድ ገፋ ገፋ አድርጎ ተመለሰና ተሳፈረ።

ሂንዳ ባጃጅ አስቁማ ገባች። ፒኑ ያለበት ቦርሳ ትከሻዋን ስለጎተታት ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።