ሞንታርቦው ብቻ

አስተዋዋቂው ዳቦ ቤቱ ውስጥ ወረፋው ሲደርሰው አራት ጣቱን ዘረጋ። ባለዳቦ ቤቷ መጀመሪያ ጣቶቹን፣ ቀጥሎ ፊቱን አየች።

"ጉሮሮህ ዛሬም አልተሻለህም?"

ራሱን ነቀነቀና አንገቱን በእጁ ይዞ ትንሽ አሳለ። ሳሉ የውሸት ነበር። ከሰውነቱ ሁሉ ጤነኛው ጉሮሮው ነው፤ የታመመው ሌላ ነገሩ ነው።

"ታከም እንጂ ወንድሜ። እንዲህ ያለ ነገር ሲቆይ ጥሩ አይደለም" አለችው፣ ዳቦውን በወረቀት እየጠቀለለች።

ከኋላው የቆሙት ሽማግሌ አንጀታቸውን በልቷቸው ስለ ዝንጅብልና ስለ ማር ይመክሩት ጀመር። እሱም እንደ ጨዋ ተማሪ አንገቱን ሰበር አድርጎ በራሱ እሺታውን ይገልጽላቸዋል። በዚህ መሀል ስልኩ ጮኸ። ሥራ የሚሰጠው የንግድ ቢሮው ሰውዬ መሆኑን ሲያይ ድንግጥ ብሎ አነሳውና፣ በዚያ ከደረቱ ሥር በሚወጣው ጎርናና ድምፁ፣ "አቤት ጌታዬ!" አለ።

ወረፋው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

"ውይ፣ ይሄ እሱ ነው እንዴ?" አለች ከወረፋው መጨረሻ አንዲት ሴት።

ሽማግሌውም ዝንጅብሉን ተዉትና፣ "ታዲያ ልጄ፣ ቁልፉ ደኅና ነው? ኪስህ ውስጥ አለ?" አሉት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ እሱ ግን ቢሰድቡት በመረጠ ነበር። እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። ስልኩን እንደያዘ፣ የከፈለበትን ዳቦ እንኳ ሳይቀበል ወጣ።

ነገሩ የጀመረው በሕዝበ ውሳኔው ጊዜ ነው። አገሪቱ ከጎረቤቶቿ ጋር ከመሠረተችው የንግድ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ ተብሎ ሕዝቡ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠራ። አስተዋዋቂው እስከዚያ ድረስ አሮጌ መኪናው ላይ ሞንታርቦውን፣ ያንን ትልቅ ድምፅ ማጉያ፣ ጭኖ የምንጣፍ ቅናሽና የጠፋ መታወቂያ ሲለፍፍ የኖረ ሰው ነው። "እንውጣ" የሚሉት ወገኖች ቀጠሩትና አንዲት ሐረግ ሰጡት፦ "በራችን በእጃችን፣ ቁልፉም በኪሳችን!" እሱ ደግሞ እንዲሁ አላነበባትም፤ ነፍስ ዘራባት። "በኪሳችን" ላይ ሲደርስ ድምፁን ይጎትተዋል፤ ሰፈሩ ተቀብሎ ይጨርስለታል። ደስ ይለው ነበር። መዋሸት አያስፈልግም፣ በጣም ደስ ይለው ነበር። "እንውጣ" ያለው ወገን በጥቂት በለጠና አገሪቱ ወጣች።

መጀመሪያ ላይ ምንም አልሆነም፤ ጉዱ የፈላው ቀስ እያለ ነው። የከተማዋ እንጀራ የሆነው የጫማ ፋብሪካ አብዛኛውን ጫማ የሚሸጠው ድንበር ማዶ ነበር፤ ሶሉና ማስቲሹም የሚመጣው ከዚያው ነው። አሁን ሶሉ ሲገባ ቀረጥ፣ ጫማው ሲወጣ ቀረጥ ሆነ። የጭነት መኪኖች ወረቀት ጎደለ እየተባሉ ኬላ ላይ ከረሙ፤ ማዶ ያሉት ደንበኞች ታግሠው ታግሠው ሌላ ሻጭ ያዙ። ዱቄት ተወደደ፣ ዳቦ አነሰ። ቅስቀሳውን ከመሩት ሰዎች ከፊሎቹ ተሾሙ፤ ከፊሎቹ ዓይናቸውን በጨው አጥበው "እኛ መቼ አልን?" አሉ። ሐረጓን ማን እንደ ጻፋት ዛሬ የሚያስታውስ የለም። ድምፁን ግን ሁሉም ያውቀዋል። "ቁልፌ" የሚል ስም ወጣለት፤ እሱም ሰው ባለበት መናገር ተወ።

"የት ነው ያለኸው? ምን ያንሾካሹክሃል?" አለው የቢሮው ሰውዬ በስልኩ ውስጥ፣ ከዳቦ ቤቱ ወጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያናግረው።

"ሰው መሀል ነኝ ጌታዬ።"

"ስማ፣ ከነገ ጀምሮ ወሩን ሙሉ ሥራ አለህ። ችግሩ የጎረቤቶቻችን ምቀኝነት ነው፣ እንታገሥ፣ ያልፋል የሚል ነው። አንተ መቼም ታጣፍጠዋለህ።"

አስተዋዋቂው ሌላ ነገር ሊል አሰበ። ነገር ግን ሱቆቹ የሚሸጡት እያጡ ማስታወቂያ ማስነገር ከተዉ ቆይተዋል፤ ከቢሮው በቀር የሚቀጥረው የለም። ግድግዳ ተጠግቶ፣ "እሺ ጌታዬ" አለ።

ቤቱ ሲደርስ ታላቅ እህቱ በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ፋብሪካው ውስጥ የጫማ ፊት ትሰፋለች፤ ሰማያዊ ሽርጧን እንደለበሰች ነው የመጣችው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። በቅስቀሳው ጊዜ መኪናው በፋብሪካው በኩል ሲያልፍ በመስኮት ብቅ ብላ፣ "ወንድሜ እኮ ነው! የኔ ወንድም ነው!" እያለች ለባልደረቦቿ ታሳየው ነበር። አሁን ግን ደጁን ከረገጠች ወራት አልፈዋል።

"እቴቴ፣ ግቢ እንጂ። ምን ውጪ ያቆምሻል?"

"አልገባም። ለጉዳይ ነው" አለች። "ፋብሪካው በዚህ ሳምንት ይዘጋል። ዛሬ ከሰዓት በሩ ላይ እንሰበሰባለን፤ የንግድ ቢሮው ሰዎችም መጥተው እንሰማችኋለን ብለዋል። ማዶ ካሉት ጋር ተነጋግረው ቀረጡን ያስቀንሱልን፣ ወይ እስከዚያ መቆያ ገንዘብ ይስጡን ልንል ነው። እንዲሰሙን ድምፅ ማጉያ ያስፈልገናል።"

"ምን ችግር አለ! እመጣለሁ። የምትሉትን ብቻ ጽፋችሁ ስጡኝ፣ እኔ ደግሞ አሳምሬ..."

"ሞንታርቦው ብቻ" አለች።

አልገባውም ወይም እንዳልገባው ሆነ።

"ሞንታርቦውን ነው የምንፈልገው፣ አንተን አይደለም።" ዓይኗን ከዓይኑ አነሳች። "አትቀየመኝ። ተነጋግረንበት ነው። ያንተ ድምፅ ከተሰማ ሰው ይስቃል። ልጆቻችንን ምን እናብላ ልንል ወጥተን መሳቂያ ሆነን እንዳንቀር።"

ቃሏ አሳፈረው። ይበልጥ ያሳፈረው ግን ወዲያው የተከተለው ነገር ነው፤ እፎይ አለ። መሄድ አልፈለገም ነበር።

"እሺ፣ ውሰዱት" አለ። ከዚያም ሳይፈልግ ከአፉ አመለጠው። "ግን የኔ መሆኑን አትናገሩ።"

"ለምን?"

"የቢሮው ሰውዬ ከነገ ጀምሮ ሥራ ሰጥቶኛል። እንዳይቀየመኝ ብዬ ነው።"

እህቱ አየችው። ሳቅ የሚመስል ነገር ፊቷ ላይ መጥቶ ጠፋ።

"ጥሩ ነው። እኛ አንተን እንደብቃለን፣ አንተም እኛን ትደብቃለህ። ተስማማን።"

ሞንታርቦውን ከመኪናው አውርዶ ጋሪ ላይ ጫነላት። ገመዱን ጠቅልሎ ከላዩ አስቀመጠ። እሷም መያዣውን እያጠበቀች፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ እንዲህ አለችው፦

"እኔ ስለ ኅብረቱ የማውቀው አልነበረኝም። ሶሉ ከየት እንደሚመጣ እንኳ ጠይቄ አላውቅም። አንተ ካልክ ልክ ነው ብዬ ነው እንውጣ ያልኩት። ጓደኞቼንም ያሳመንኩት እኔ ነኝ።"

"እኔ የተሰጠኝን ነው ያነበብኩት እቴቴ።"

"አውቃለሁ። ለመሆኑ አንተ ለየትኛው ነው ድምፅህን የሰጠኸው? ጠይቄህ አላውቅም።"

መልሱን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለሚስቱም ቢሆን። ሊዋሽ አፉን ከፈተ፣ ውሸቱ ግን አልመጣ አለው።

"አልሰጠሁም" አለ። "ሰው እንዲመርጥ ስለፈልፍ ስዞር ጣቢያው ተዘጋብኝ።"

እህቱ የጋሪውን መያዣ ይዛ ቆመች።

"እኛ ለየራሳችን አንዳንድ ድምፅ ነበረን" አለች በመጨረሻ። "ያንተ ድምፅ ግን ከተማውን ይሞላ ነበር። አንዷንም ሳጥን ውስጥ አልከተትካትም?"

ጋሪውን እየገፋች ሄደች። አስተዋዋቂው ልግፋልሽ ማለት እንደነበረበት ትዝ ያለው መንገዱን ከታጠፈች በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደወለችለት። ከጀርባዋ አንድ ነገር ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ያሰማል።

"ያፏጫል። ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዟል። ምን እናድርገው?"

"ማይኩን ወደ ሞንታርቦው አዙራችሁት ይሆናል። ከፊቱ ዞር በሉ።"

"ዞርን እኮ። የቢሮው ሰውዬም ደርሷል። እባክህ ና፤ አስተካክለህልን ትሄዳለህ።"

በመኪናው ሄደ። መኪናዋን ሰው እንዳያያት ከፋብሪካው አጥር ኋላ አቆማትና በእግሩ መጣ። በሩ ላይ ሰማያዊ ሽርጥ የለበሱ ሴቶችና ወንዶች መንገዱን ሞልተውታል። የንግድ ቢሮው ሰውዬ የነጭ መኪናውን በር ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። አስተዋዋቂው ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ፣ በሰው ኋላ ኋላ እየተሽሎከሎከ፣ ሌባ ይመስል ወደ ሞንታርቦው ቀረበ። አንድ ቁልፍ ዝቅ፣ አንዱን ከፍ፣ ሣጥኑን ትንሽ ዞር፤ ፉጨቱ ቆመ። ለእህቱ በእጁ "ቀጥዪ" አላትና ከሣጥኑ ኋላ ቁጢጥ አለ። አንድም ቃል አልተናገረም።

እህቱ ማይኩን ይዛ ወደ ፊት ወጣች።

"እኛ..." አለች። ድምፅዋ ከመንገዱ ማዶ ሲመለስባት ደነገጠች። ዕድሜዋን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ ይህን ያህል ዓይን በአንድ ጊዜ አርፎባት አያውቅም። "እኛ... ማለት የፈለግነው..."

አፏ ተያዘ። ሰው ጠበቃት። ከፊት ያሉት "በርቺ፣ በርቺ" አሏት።

የቢሮው ሰውዬ ሰዓቱን አየ። "እንግዲህ የምትሉት ከሌለ እኛም ሥራ አለን" አለና የመኪናውን በር ከፈተ። "በጽሑፍ አምጡልን፣ እናየዋለን።"

በጽሑፍ የሚመጣ ነገር የት እንደሚገባ እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። እህቱም ታውቃለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ዞር ብላ ከሣጥኑ ኋላ ወደ ተቀመጠው ወንድሟ አየች። ና አላለችውም። ልጅ ሳለ እንደምታየው ነው ያየችው፣ እሱ ደግሞ ያንን አስተያየት የሚችልበት አንጀት አልነበረውም።

ብድግ ብሎ ማይኩን ከእጇ ተቀበለ።

"ጌታዬ፣ አይሂዱ" አለ።

ያ ድምፅ መንገዱን ሞላው። ሰውዬው አንድ እግሩ መኪና ውስጥ፣ አንዱ ውጪ እንደሆነ ቀረ። ከሰዉ መሀል አንዱ "ቁልፌ!" አለና ሳቁ ተነሣ። ሳቀ ሰዉ፤ ከልቡ ሳቀ። ሥራውን ሊያጣ የተሰበሰበ ሰው እንዲህ መሳቁ ይገርማል። "በኪሳችን በልልን እስቲ!" ያለም ነበር። አስተዋዋቂው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ላቡ በጀርባው ወረደ። ግን ማይኩን አላስቀመጠም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። እስኪያልቅ ብዙ ቆየ።

"ሞንታርቦው የኔ ነው" አለ። ወደ ቢሮው ሰውዬ እያየ ነበር። "ይህቺም እህቴ ናት። የምትለው ነገር አላት።"

ማይኩን መለሰላት። የቢሮው ሰውዬ ትክ ብሎ አየው፤ የነገው ሥራ በዚያ አስተያየት ውስጥ አለቀ። ሰውዬው ግን ይህ ሁሉ ዓይን እያየው መኪናው ውስጥ ሊገባ አልቻለም፤ እግሩን መልሶ አወጣ።

እህቱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ስትስቁ ሰማሁ" አለች ለሠራተኞቹ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አስግገው ነው የሚሰሟት። "እኔ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ የከተትኩት በራሴ እጅ ነው። ስከት ማንም እጄን አልያዘኝም። አብዛኞቻችሁም እንደዚያው ናችሁ፣ አብረን ነው የተሰለፍነው። አፍሬበታለሁ። እጁ የሌለበት ካለ ግን እሱ ይሳቅ።"

የሳቀ የለም። ሴቶቹ ሽርጣቸውን፣ ወንዶቹ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ያን ቀን የድምፅ መስጫው ሳጥን ዘንድ ያልደረሰው እጅ የአስተዋዋቂው እጅ ነበር፤ ያንንም ከእህቱና ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ወደ መኪናው የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው፤ ማንም ልብ ሳይለው ሊሄድ ይችላል። እግሩም ሂድ ሂድ ብሎት ነበር። አልሄደም። ከሞንታርቦው ኋላ ወጥቶ፣ ሁሉም በሚያየው በፊት ለፊቱ በኩል፣ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለና የእህቱን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገላት።