ሞቲ የፋቀው ግድግዳ

ክፉ ናት ይሉኛል፤ ይበሉ። አምቦ ላይ የሃዋኒ ሌንጂሳን ምላስ የማይፈራ ጎረቤት የለም፣ ስሙንም በነፃ አላገኘሁትም። ግን ከመፍረዳችሁ በፊት ነገሩን ከሥሩ ስሙኝ።

አባቴ ኦቦ ሌንጂሳ ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት ወረቀት ሲያገላብጥ የኖረ ጸሐፊ ነበር። ልጅ ሲወለድለት ግን ቀኑን ወረቀት ላይ አይጽፍም፤ ሳሎናችን ውስጥ፣ ኖራ በተቀባው የጭቃ ግድግዳ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ ነው የሚጽፈው። «ወረቀት ይጠፋል፣ ቤት የት ይሄዳል?» ይል ነበር። መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ ወንድሜ አዱኛ፣ ከሥራችን ደግሞ ሦስተኛ መስመር፦ «ሞቲ ሌንጂሳ፣ ጥር 9 ቀን 1983 ዓ.ም.»።

እናቴ ኡርጌ ፊደል አልቆጠረችም። በዚያው ዓመት ወንድ ልጅ ወልዳ ክርስትና ሳይነሳ በሳምንቱ ሞቶባት ነበርና፣ አባቴ ሦስተኛውን መስመር እያሳየ «ይኸው፣ የሞተውንም ስም አውጥቼ ጻፍኩት» አላት። አመነችው፤ ማን ብሎ እንደሰየመው እንኳ አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲህ ባጠገቡ ባለፈች ቁጥር መስመሩን በጣቷ ነካ አድርጋ ጣቷን ትስማለች። እኔ ግን ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ማንበብም መስማትም እችላለሁ። ሞቲ አባቴ ጉደር ካለች ሴት የወለደው ልጅ ነው። አባቴን ብጠይቀው «እናትሽን መግደል ከፈለግሽ ንገሪያት» አለኝ። አልነገርኳትም፤ እሱም ሞተ፣ ነገሩም እኔ ሆድ ውስጥ ቀረ።

በ2010 ዓ.ም. መስቀል እንዳለፈ ሞቲ ራሱ በሬን አንኳኳ። የጉደሯ ሴት ከሞተች ቆይታለች፤ እሱ አምቦ ውስጥ ቀለም እየቀባ፣ ዎልፔፐር እየለጠፈ ያድራል። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ቁጭ በል አላልኩትም።

«እትዬ ሃዋኒ» አለኝ፤ እህቴ ለማለት አልደፈረም። «እጃጂ ከተማ ላገባት የምፈልግ ልጅ አለች፣ ሮዛ ትባላለች። ቤተሰቦቿ የማን ልጅ ነህ፣ ጎሳህ ምንድን ነው ይሉኛል። ሰባት ቤት ቆጥረን ዘመድ አለመሆናችሁን ካላረጋገጥን አንሰጥም አሉ። አዱኛ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄዶ ወንድማችን ነው ቢልልኝ ይበቃኛል። ከቤታችሁ አንዲት ጡብ አልፈልግም።»

እውነቱን ነበር፤ ዓይኑ ላይ ይታያል። እኔ ግን ስም ያገኘ ልጅ ነገ ድርሻዬን ማለቱ አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ለእማዬ ብዬ ነው እላለሁ ለሰው። ግማሹ ውሸት ነው፣ ለቤቱም ብዬ ነው።

«እሺ» አልኩት። «በቅድሚያ ሳሎኔን ዎልፔፐር አልብስልኝ። አዱኛን እኔ አናግረዋለሁ።» ደስታው! እጄን ሊስም ጎንበስ አለ።

ሥራውን ሲጀምር ወረቀቱ ኖራ ላይ አይይዝም፣ ግድግዳው በደንብ ተፍቆ ማለስለሻ ስቱኮ መመታት አለበት አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ፋቀ። ልጄ ለንሳ ምሳ ታቀርብለት ነበር፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እማዬ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሥራውን እያየች ትመርቀዋለች። በአራተኛው ቀን ጽሑፉ ያለበት ጋ ደረሰ። የእኔንና የአዱኛን ፍቆ ጣለ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ስፓቱላውን እንደያዘ ቆመ፤ የአባቱን እጅ ጽሑፍ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

እማዬ «ልጄ» አለችው። «እሷን መስመር ብቻ ዝለልልኝ። የሞተው ልጄ ስም ናት።»

ሞቲ ዞሮ እኔን አየኝ። ምን ብሎ ይመልስላት? ሞቼ አላውቅም፣ ይኸው አለሁ ይበላት? «እትዬ፣ ሳልፍቀው ልለጥፍበት እችላለሁ። ቢያንስ ከሥሩ ይቀመጥ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አንድ ቦታ አብጦ እንዲታይ ነው? ፋቀው» አልኩት።

«ሃዋኒ፣ ተይው በይው» አለች እማዬ።

«እማዬ፣ የሞተ ሞቷል። ፋቀው አልኩህ! እጃጂ መሄድ አትፈልግም እንዴ?»

ፋቀው። የገዛ ስሙን፣ በገዛ እጁ፣ እኔ ቆሜ እያየሁት። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶን ኖራውን ከመሬት ጠረገ። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። ወርቃማ አበባ ያለበት ወረቀት ነበር፣ ሲያልቅ ቤቴ ሆቴል መሰለ። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አየልኝ።

አዱኛን ግን እንዳትሄድ አልኩት። እሱ እንደሆነ እኔ ያልኩትን ነው፤ ድሮም ወንድነቱ ለስሙ ነው። ሞቲ በቀጠሮው ቀን ከአንድ ጎረቤት ሽማግሌ ጋር ብቻ እጃጂ ሄደ። የልጅቷ አጎቶች ነገሩን ሊያጣሩ በሳምንቱ እኔ ቤት መጡ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሞቲ? ግድግዳ የለጠፈልን ሠራተኛ ነው። በሥጋ አንገናኝም» አልኳቸው። ዘሩ ያልታወቀ ሰው ተብሎ ተመለሰ፤ ሮዛንም በዓመቱ ለሌላ ዳሯት። እሱ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ለምን አላለኝም። ፈርቶኝ ነው ብዬ ተኛሁ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። በ2012 ዓ.ም. አንድ እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ጎረቤታችን ኦቦ ዓብዲሳ ከፊት ናቸው። ተቀመጡ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ፤ ገባኝ፣ ልጅ ጥየቃ የመጣ ሰው መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ልቤ ሞቅ አለ። ለንሳ ሰሞኑን ፊቷ በርቶ፣ ስልክ ላይ ብቻዋን ስትስቅ ነበር የምትውለው።

«ልጅሽን ለልጃችን ብለን ነው» አሉ ኦቦ ዓብዲሳ።

«ለማን?»

«ለሞቲ። ይህን ቤት ያሳመረልሽ።»

«በፍጹም አይሆንም» አልኩ።

«ምን ጉድለት አገኘሽበት?»

«ድሃ ነው።»

«ባለሙያ ነው፣ ሠርቶ ያድራል።»

«ዘሩ አይታወቅም!»

ኦቦ ዓብዲሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛም ይህንኑ ፈርተን ጠየቅን። ከእጃጂ ለመጡት ሰዎች በሥጋ አንገናኝም ብለሽ የመሰከርሽው አንቺው ነሽ። ካልተገናኛችሁ ምን ይከለክላል? ልጅቷንም ራሱ ከጠየቃት ዓመት አልፏል፣ ፈቅዳለች።»

ለንሳ ጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ።

እማዬ ደግሞ ከመደቡ ላይ ሆና «ስጪው እንጂ» ትለኛለች። «ደግ ልጅ ነው። ያን ቀን ስለኔ ብሎ ሲለምንሽ ሰምቼዋለሁ።»

ሁሉም እኔን ያያል። እምቢ ብዬ ባባርራቸው ለንሳ ራሷ ወደሱ ትሄዳለች፤ ልጄን አውቃታለሁ፣ የኔው ግትርነት አለባት።

«ወንድሜ ነው» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አለች እማዬ።

«የአባባ ልጅ ነው። ግድግዳው ላይ የነበረው የሱ ስም ነው፣ እማዬ። የሞተውን ማንም አልጻፈውም።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ለንሳ ቀስ ብላ «እሱ ያውቃል?» አለችኝ።

«ያውቃል» አልኳት። «ከሁላችንም በላይ እሱ ነው የሚያውቀው።»

ጓዳ ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

እማዬ ወደኔ አልዞረችም። ኦቦ ዓብዲሳን ነው ያየቻቸው። «ታዲያ እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የማንን ልጅ ስስም ኖርኩ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አነሱና ወጡ።